ከእኔ የተደበቀው እጅ

በላሊበላ የማን ላም እንደከሳች ከባለቤቷ ቀድሜ እሰማለሁ እያልኩ የምኮራ ሽማግሌ ነበርኩ። የገዛ የልጅ ልጄን ጉዳይ ግን የሰማሁት ብልባላ ገበያ ላይ ነው፤ ያውም ከሁሉም መጨረሻ።

የነገረችኝ የሚስቴ እህት ናት። “አይዞዎት የኔታ፣ ግራ እጁ ባይኖር ቀኙ አለለት” አለችኝ። “የማን?” ስላት ደነገጠች።

የመጨረሻ ልጄ ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በአምስተኛው ወር ወልድያ ሄዳ በአልትራሳውንድ ስትታይ፣ ወንድ እንደሆነና ግራ እጁ እንደሌለ ተነግሯታል። “ትወልጂው እንደሆነ ከባልሽ ጋር ምከሩበት” ተብላ፣ ከባሏም፣ ከእናቷም፣ ከአክስቷም፣ ከነፍስ አባቷም መክራለች። እኔ ደግሞ በእነዚያ ሁለት ወራት ሆዷ አጠገብ ተቀምጬ “አንተ ዲያቆን፣ ቶሎ ና፤ ዜማ የሚያጠና ጠፍቷል” እል ነበር። ለታቦቱ ተስዬዋለሁ ብዬ ያልነገርኩት ጎረቤት የለም። ብድግ ብላ ስትወጣ ያቅለሸለሻት ይመስለኝ ነበር። ጅል ሲያረጅ እንዲህ ነው።

እቤት እንደገባሁ ሚስቴን “ምን በደልኳችሁ?” አልኳት።

“ላንተ ከመንገር ደወል መደወል ይሻላል” አለች።

ይሄስ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን እሱ አልነበረም። ልጄ ነገረችኝ።

“አባዬ፣ ያ እግሩን የሚያነክስ የጎረቤት ልጅ ትዝ ይልዎታል? እናቱ ለድቁና ያስተምሩልኝ ብላ ስታመጣው የመለሷት አንቱ ነዎት።”

“ሥርዓቱ ነው። አካሉ የጎደለ አይቀድስም።”

“ሥርዓቱንማ እናቱም ታውቀው ነበር። አንቱ ግን ‘ነገ ቄስ ሆኖ ታቦት ይዞ ቢወድቅ ማን ሊያነሳው ነው?’ ብለው ሳቁ። እሷ በራችን ላይ ስታለቅስ አይቻለሁ።”

እኔ ያስታወስኩት ሳቁን ብቻ ነው።

“ልወልደው ወስኛለሁ” አለች። “ቀልድዎን ሳልሰማ መወሰን ፈልጌ ነው።”

“ብትጠይቂኝ ውለጂው እልሽ ነበር።”

“ይሉ ነበር። ቀጥለው የሚሉትን ነው የፈራሁት።”



አሁንም ተቀይሜያለሁ። አፌን ሳልከፍት ፈርደውብኛል፤ የነፍስ አባታችን እንኳ በየሰንበቱ መስቀል እያሳለመኝ ዝም አለኝ። የባሰው ግን ቢጠይቁኝ ምን እንደምል እኔም አለማወቄ ነው። ልጁ ሊወለድ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። በክርስትናው ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ማን አቅፎት እንደሚሄድ ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ ዝምታቸው ያስታውቃል። አልጠየቅኩም። ብጠይቅም የሚነግሩኝ አይመስለኝም።