ሐሜተኛ ትከሻ

ሰፈሩ «መቀስ» ይላታል፤ በጨርቅም በምላስም አትስትምና። ሜትሯን አንገቷ ላይ፣ ጣቃውን ግራ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስትሰፋ ነው የኖረችው። ታዲያ ያ ትከሻና አንገት በስተርጅና እሳት እንደነካው ቀላ፣ አበጠ፣ ውሃ ቋጠረ። ማሳከኩማ አይነሣ!

ያልተፈላሰፈ ጎረቤት የለም። «ጨርቁ ነው እትዬ መቀስ፤ የዘንድሮ ቀለም መርዝ ነው» ያለው የልብስ ቁልፍ ሻጭ ነገር ግን ልቧ ገባ። ያን ሰሞን ትከሻዋ ላይ የነበረውን ጥቁር ጣቃ ጓዳ ወርውራ አስወገደች፤ ሻረላት። ብዙም ሳይቆይ አገረሸ። ያን ዕለት በእጇ የነበረው ሰማያዊ ነበርና ሰማያዊውም ተፈረደበት። እንዲህ እያለች ጨርቅ ሁሉ ወንጀለኛ ሆኖ፣ የስፌት መኪናዋን ለመሸጥ ገዢ እስከማፈላለግ ደረሰች።

«ሽጪው፤ ከመኪና አንቺ ትበልጫለሽ» አላት ባሏ፣ እንደ ልማዱ ራሱን ትከሻዋ ላይ ደገፍ አድርጎ።

ባሏ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። ታናሽ ወንድሙ ጥጥ ሲመስል የእሱ ራስ ቁራ ነው። ምሥጢሩን ሲጠይቁት «ቂም አልይዝም» ይላል።

በመጨረሻ መቀስ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ከየጨርቁ ቅዳጅ፣ ከሜትሩም ጫፍ ወሰደች፤ ከራሷም ብልቃጦች ቆዳ የሚያስቆጡ ነገሮችን ጠብ ጠብ እያደረገች፣ የቱ እንደሚያስቆጣት ለማየት ሁሉንም የመቀስ ጀርባ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው።

«ሁለት ቀን ውሃ እንዳይነካዎት፣ እትዬ።»

ፕላስተሩ ተነሥቶ፣ ሌላ ሁለት ቀን ታልፎ ጀርባዋ እንደገና ሲታይ፣ መቀስ በሁለት መስታወት አሻግራ አየችው። ጨርቆቹ በሙሉ ነጻ! ሜትሩም ነጻ! አንዲት ቦታ ብቻ ቀልታ፣ አብጣ ቆማለች።

«ይሄ የፀጉር ቀለም ነው» አለች ሐኪሟ።

«በዕድሜዬ ተቀብቼ አላውቅም!»

«ቤትዎ ውስጥስ የሚቀባ አለ?»

«ማን ይቀባል፤ እኔና ባሌ ብቻ…» ያ የቁራ ራስ ትከሻዋ ላይ ደገፍ ሲል ታያት።

ሐኪሟ አስረዳቻት። ቆዳ ለዓመታት የቻለውንም ነገር አንዴ ጠላቴ ካለው ዕድሜ ልኩን አይረሳም። ሽፍታው ደግሞ ነገሩ ከነካው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ዘግይቶ ስለሚወጣ፣ ሰው የሚከሰው በዕለቱ በእጁ ያገኘውን ነው።

መቀስ በመገረም ትከሻዋን ዳበሰችው። የማን ወጥ መቼ እንዳረረ የሚያውቅ ሰፈር ዓመታት ያልደረሰበትን ጉድ፣ ይህ አፍ የሌለው ሥጋ ደርሶበታል! ስንቱን ገላ ስትለካ ኖራ የራሷን አለማወቋ!

ቤት ገብታ ባሏን አስቀመጠችው። «አንተ ቂም የማትይዘው! የኔ ቆዳ ይይዝልሃል።»

ሰውዬው መሬት መሬት አየ። «ሌላ ሰፈር… አንድ ፀጉር አስተካካይ አለ… በየጊዜው እሄዳለሁ። በዓይንሽ እንዳላረጅ ብዬ እኮ ነው።»

«ትከሻዬን አቃጥለህ?»

«በቃ፣ እላጨዋለሁ!»

ተላጨ። እሷም የታዘዘላትን ቅባት ተቀባች፤ ቁስሉ ደረቀ። የባሏ ፀጉር ነጭ ሆኖ ሲበቅል ሰፈሩ «መቀስ ምን ብታሳየው ነው በአንድ ወር ያሸበተው?» ብሎ ተንጫጫ። እሷ ሳቀች እንጂ አልተነፈሰችም።

አንድ ቀን ከእራት በኋላ ሊደገፋት ፈልጎ ሲያመነታ ራሱን ሳብ አድርጋ ትከሻዋ ላይ አኖረችው። ጠዋት መስታወት አላየችም፤ ቆዳ ሐሜቱን እንደሚያዘገይ ተምራለች። ሦስት ቀን ታግሣ አየች። ንጹሕ።

ያስወገደችውን ጥቁር ጣቃ ከጓዳ አወጣች፣ እዚያው ትከሻዋ ላይ ጣለችው፣ የመኪናዋን መርገጫ ረገጠች።