የድራሙ ብሎኖች

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ የጀመርኩት ካላለቀ እንቅልፍ የለኝም። አባቴ የድራሙን ብሎን ፈልጊ ብሎ እኔን የላከኝ ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ከሁለተኛው ሱቅ ይመለስ ነበር።

አባቴ በደርግ ጊዜ የቆቦ ኪነት ቡድን ድራም መቺ ነበር። ቡድኑ ሲበተን ድራሙ በከተማው አዳራሽ መጋዘን ውስጥ አይጥ ሲፈነጭበት ኖረ፤ በኋላ አባቴ ለምኖ ለምኖ ቤት አስገባው። ወንድሜን መምታት ያስተማረው በዚያ ነው። እኔንም ሞክሮኝ ነበር፣ "አንቺስ የምትጣዪው ይመስላል እንጂ የምትመቺው አይመስልም" ብሎ ተወኝ።

በጦርነቱ ጊዜ ቤታችንን ጥለን ወጥተን ስንመለስ፣ የድራሙ እንጨት እንጂ ብረቱ የለም። የቆዳው መወጠሪያ ብሎኖች፣ የእግር ፔዳሉ፣ በዱላ የሚመታው የነሐስ ሳህን መቆሚያ፣ ብቻ ብረት የተባለ ሁሉ ተፈታትቶ ሄዷል። ማን እንደወሰደው እግዜር ይወቅ። ትልቁን ድራም ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ ጥግ ይዞ አገኘነው፣ አንዲት የዛገች ብሎን ብቻ ቀርታለት። ወንድሜም በዚያው ጦርነት እንደወጣ ነው። መጀመሪያ ይደውል ነበር፣ ኋላ ስልኩ ጠፋ።

አባቴ ግን "የጠፋው ስልኩ ነው እንጂ ልጄ አይደለም" ይላል። "በዚህ በር ሲገባ በድራም ነው የምቀበለው። እንዲህ ተበታትኖ ቢያገኘው ምን ይለኛል?" ደም ግፊቱ ተነሥቶበት ሐኪም ቤት ከርሞ የወጣ ሰው ነው፤ እህል እንቢ ብሎት ነበር። የድራሙ ሐሳብ ከያዘው ወዲህ ግን መብላት ጀመረ። እኔም የምዞረው ለብሎን አልነበረም፣ አባቴን ላቆይ ነበር።

ቆቦ ውስጥ ያልገባሁበት የብረታ ብረት ሱቅ የለም። ሁሉም የባጃጅ ብሎን ያወጣልኛል። ጥርሱ ከዱሮው ጋር አይገጥምም፤ አንድ ሁለት ዙር ይሄድና ይነክሳል። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅም ጠይቆልኝ "ይኼ ድሮ የቀረ ዕቃ ነው፣ አዲስ ግዙ አሉኝ" ብሎ ደወለ። አዲስ ግዙ! ለአፍማ ምን ቸገረው።

በመጨረሻ አባቴ ጎረቤት ከተማ ዋጃ ላከኝ፣ ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት ያላቸው አንድ የድሮ ጓደኛው ዘንድ። በዚያ ዘመን የኪነት ቡድኑን ዕቃ የሚጠግኑት እሳቸው ነበሩ። መስከረም ነው፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ቆሟል፣ የእኛም ማሳ አለበት፣ ሰዉ ማማ ላይ ወጥቶ በግሪሳ ወፍ ላይ ይጮኻል። የዛገችውን ብሎን ሳሳያቸው አገላብጠው ሳሙኝ። "የዚያ ሰውዬ ድራም! ፔዳሉንማ ወላሂ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ። ኢንሻአላህ በሚመጣው ማክሰኞ ነይ።" ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

ማክሰኞ ያለችኝን ትንሽ ሱቅ ዘግቼ ሄድኩ። ሰውዬው ዓይኔን ማየት አልፈለጉም።

"መብራት የለም፣ ልጄ።"

አምፖሉ ከራሳቸው በላይ ቦግ ብሎ ይበራል። "ታዲያ ይኼ በምን ነው የሚበራው?" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩትና ሄደው አጠፉት። "የአባትሽ ደም ግፊት እንዴት ነው?" አሉኝ።

ሌላ ጊዜ ስሄድ ብረት አልቋል። ሌላ ጊዜ ማሽኑ ተበላሽቷል። ደግሞ በሄድኩ ቁጥር "ማሽላችሁስ? ታጨደ?" ይሉኛል። ስለ ብሎን ስጠይቅ ስለ ማሽላ! አንድ ቀን አልቻልኩም፣ "ጋሼ፣ እኔ ማሽላ ልሸጥልዎ አልመጣሁም፤ ካልሠሩት አልሠራም ይበሉኝና ልረፍ!" ብዬ ጮኽኩባቸው። ሌላ ሰው ቢሆን በመዶሻ ያባርረኝ ነበር። እሳቸው ሻይ አዘዙልኝ። ሳልጠጣው ወጣሁ።

ቤት ስመጣም ጎረቤታችን፣ ለእናቴ ምትክ የሆነችን ሴትዮ፣ ሰውዬውን ስረግም ሰምታ "ተያቸው እስቲ፣ ምን ያጣድፍሻል" አለችኝ። ምን ያጣድፍሻል ትለኛለች እንዴ! አባቴ የሚኒባስ ጥሩንባ በሰማ ቁጥር በር ላይ ቆሞ "አመጣሽ?" ይለኛል። "ሊጨርሱ ነው አባ፣ ትንሽ ነው የቀራቸው" እለዋለሁ። ሌላ ምን ልበለው?

ኅዳር ላይ ማሽላው ታጭዶ፣ ተወቅቶ ገባ። በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ውሻችን ጮኸ። በሩን ስከፍት ግቢው ሰው ሞልቶታል። ከሽማግሌዎቹ መካከል የዋጃውን ሰውዬ አየኋቸው። እኔ ሞኟ፣ ደስ አለኝ! በዚህ ማለዳ ብሎኑን ያመጡልኝ መስሎኝ "ጨረሱት?" አልኳቸው። አፋቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ያዙ። ያኔ ጎረቤታችንን አየሁ፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች።

ከወንድሜ ጋር አብሮ የወጣው የሰውዬው እህት ልጅ ነበር። እኔ ብሎኗን ሰጥቼ በተመለስኩ በቀናት ውስጥ መጣና ቀብሬዋለሁ ብሎ ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ መከሩ። የአባቴ ደም ግፊት እስኪረጋ፣ ማሽላው እስኪገባ መርዶው ይቆይ ተባለ፤ ሐዘን ከተቀመጥን እህሉን ወፍ ይጨርሰዋል። በእኛ አገር መርዶ እንዲህ ነው የሚያዘው፤ ክፋት የለበትም። አገር ምድሩ አውቆ እኔና አባቴ ብቻ ነበርን የማናውቀው።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ሰውዬው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። አባቴ ፈታው። ብሎኖቹ፣ ፔዳሉ፣ መቆሚያው፣ ሁሉም አለ። አንዷን ብሎን አንሥቶ ድራሙ ላይ በጣቱ አጠበቃት። ልክክ አለች።

"ጥሩ ሥራ ነው" አለ። "መቼ ጨረስከው?"

"በመጀመሪያው ሳምንት" አሉ ሰውዬው። "ወሬው ሲመጣ አልቆ ነበር። ለሐዘን ቤት ድራም እንዴት ላቁም? እጄ አልሰጥ አለኝ።"

አባቴ ጨርቁን በቀሩት ብሎኖች ላይ መለሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺም ዋጃ ስትመላለሺ የከረምሽው ለእኔ ማታለያ ነዋ። ሊጨርሱ ነው፣ ሊጨርሱ ነው..."

"እመብርሃንን አባ! አላውቅም ነበር!"

ሰውዬውም "ወላሂ አታውቅም፣ እኔን ስትሰድበኝ ነው የከረመችው" ብለው ማሉልኝ።

"እሺ" አለ አባቴ። ሐኪም ጨው ቀንስ ሲለው ለአፉ ያህል የሚላት እሺ ናት። ለወንድሜ ያለቀስኩትን ያህል ለዚያች እሺ አለቀስኩ።

ድራሙን ራሱ ገጣጥሞ አቆመው። አንዱም ብሎን አልጎደለም። ጋቢውን አለበሰውና አንድም ቀን ሳይመታው ቀረ። እኔን አይቆጣኝም፣ ያበሰልኩለትን ይበላል፣ መድኃኒቱንም ይውጣል። ከገበያ ስመለስ ግን "አመጣሽ?" የሚለኝ ነገር ቀርቷል። የምነግረውን ሁሉ እሺ ይልና ጎረቤታችን ስትመጣ እሷን ደግሞ ይጠይቃል።

ባለፈው ሳምንት "አባ፣ ውጭ እያካፋ ነው፣ ጫማህን ላስገባልህ" አልኩት። "እሺ" አለኝ። ተነሥቶ በሩን ከፈተና እጁን ዘርግቶ ዝናቡን ነካው።