ሰባት ቁጥር እና የፈረንጆች ገና

ሰናይት በየማለዳው ከፔንሲዮኗ ቁልፍ መስቀያ የሰባት ቁጥርን ቁልፍ አንስታ ሽርጧ ኪስ ትከታለች። ክፍል ለሚጠይቅ እንግዳ «የሰባት ቁጥር ኤሲ ተበላሽቷል» ትላለች። በጁባ ሙቀት ይህን ሰምቶ የሚከራከር የለም።

ታኅሣሥ ሲገባ የኤንጂኦ እንግዶቿ የፈረንጅ ገና ፊልም ይከፍታሉ። በረዶ ይወርዳል፤ ደህና ሥራ ያላት ሴት ለበዓል ወላጆቿ ጋ ትሄድና አንድ ዳቦ ጋጋሪ አይታ ሥራዋን ትለቃለች። አስተናጋጇ ዝማሬ ትሪ እንደያዘች ፈዛ ትቀራለች።

«እትዬ፣ ጋጋሪው ኤርፖርት ድረስ ሮጦ መጣላት እኮ።»

«የእኛ ኤርፖርት ቢሆን በር ላይ ያስቀሩት ነበር። ደግሞ በጾም ኬክ ሲጎራረሱ አፍሽን ከፍተሽ ታያለሽ?»

«ያምራላ።»

«ለገና እመጣለሁ ያለ ወንድ የሚመጣው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ካላስ፣ በቃ፣ ሂጂ ሳህን እጠቢ።»

ሰባት ቁጥር የኢንጂነር ከፍያለው ክፍል ነበር። በ2008 ሐምሌ ከተማው በተኩስ ሲናጥ «ለገና እመለሳለሁ» ብሏት በረረ። የማን ገና እንደሆነ አልነገራትም። ሰናይት ይህን ስታወራ በፊልሞቹ እንደምትስቀው ሁሉ ትስቅበታለች፤ ጅል ነበርኩ ትላለች፤ ቢጻፍም ግድ የላትም። እንዳይጻፍ ብላ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰባት ቁጥር ኤሲ ምንም አልሆነም።