የጥንቸሏ መደብ

በፍኖተ ሰላም ጥንቸል አመል ያስያዝኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ ያውም ማንም ሳያስተምረኝ። ባለቤቴ ለእንግዳ መቀመጫ መርጋ ያሳመረችውን የጭቃ መደብ ጥንቸላችን በየቀኑ ትቆፍረው ነበር። ድንጋይ ብደረድርባት ዞራ በጎን ገባች። አንድ ቀን የንስሐ አባታችን መጥተው ቁጭ ሲሉ መደቡ ከሥራቸው ተናደ።

«ልጄ፣ ይች ሥጋዋ የማይበላ እንስሳ እኛን ልትቀብር ነው እንዴ የምትቆፍረው?» አሉኝ።

ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። «ወይ ለሷም መደብ ሥራላት፣ ወይ ዱር ወስደህ ልቀቃት» አለች።

እኔም የአትክልት መደብ ሠራሁላት። አሮጌ ሳጥን ውስጥ ለስላሳ አፈር ሞልቼ ካሮት ቀበርኩበት። ከዚያ ወዲህ የምትቆፍረው እዚያው ነው። በብልሃቴ ለሰፈሩ ሁሉ ስፎክር ከርሜ፣ አንድ ጠዋት ባለቤቴን ካሮት ስትቀብር አገኘኋት።

«ምን ላድርግ፣ አንተ የቀበርከው የመጀመሪያ ቀን ብቻ ነው» አለችኝ።