የወይራው ማጠንጠኛ

ይህ ያጋጠመኝ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ጃንሆይ ከዙፋናቸው ሳይወርዱ፣ ወልቂጤ ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምር በነበረበት ጊዜ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ከመፈለግ የጀመረ ተራ ነገር ነው። ግን በመጨረሻው ላይ አንዲት ቃል ተናግሬበታለሁና እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ፒተር የሚባል እንግሊዝኛ የሚያስተምር ፈረንጅ ባልደረባ ነበረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዋቤ ወንዝ ወርዶ ዓሣ ያጠምዳል። በትል አያጠምድም፤ ከዶሮ ላባ ዝንብ የሚመስል ነገር መንጠቆ ላይ ያስርና በረጅም ዘንግ ውኃው ላይ ይወረውረዋል። እኔም እየተከተልኩት ለመድኩ። ወደ አገሩ ሲመለስ ዘንጉን፣ ወፍራሙን ክርና ጥቂት የላባ ዝንቦች ሰጠኝ። ክሩ የሚጠቀለልበትን ማጠንጠኛ ግን የአባቱ ስለነበረ ይዞት ሄደ።

"ጀማሪ ለማጠንጠኛ ብዙ ገንዘብ አያውጣ" አለኝ ሲሰናበተኝ። "ሥራው ክሩን ሳያጠላልፍ መያዝ ነው።"

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አዲስ አበባ ሄድኩና ፒያሳ አንድ ሱቅ ገባሁ። "የዝንብ ማጠንጠኛ አላችሁ?" ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ ጓዳ ገብቶ ዝንብ የሚጣበቅበት ጥቅል ወረቀት አመጣልኝ። አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማመጣው። ዓሣ እንደማጠምድ ሳስረዳው ሁለት ማጠንጠኛዎች አወጣ። አንዱ ያብረቀርቃል፣ ሲዞር እንደ ሰዓት ይቆጥራል፤ ዋጋው የወር ተኩል ደሞዜ ነበር። ሌላው ርካሽ ነው፤ ግን ጠባብ ስለሆነ የእኔን ወፍራም ክር ግማሹን እንኳ አይዝም። ሻጩ ክሩን ሳያይ "ለጀማሪ ይበቃል" አለኝ። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር መምህር አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ አይገዛም ብዬ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

አቶ ሳህሌን የጠቆመኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ እንጨት ሠሪ ናቸው። በአገራችን ያን ጊዜ እንጨት ሠሪዎቹን ፉጋ ይሏቸው ነበር። ቤታችን የሚቆመው እነሱ በጠረቡት ምሰሶ ነው፤ ከቆመ በኋላ ግን አይገቡበትም። በአንድ ገበታ አብሯቸው የሚቀርብ ሰው አልነበረም። እኔም እዚያው ጉራጌ አገር፣ ቸሃ ተወልጄ ይህንኑ እያየሁ ነው ያደግሁት። ዛሬ አንቱ እያልኩ እጽፋለሁ እንጂ ያን ጊዜ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑትን ሰው "አንተ" ነበር የምላቸው።

የማጠንጠኛውን ቅርጽ ወረቀት ላይ ስዬ ሰጠኋቸው። እያገላበጡ አዩት።

"ይህ ለምን ይሆናል?"

"ለዓሣ ማጥመጃ። መንጠቆው ላይ ላባ ይታሰራል።"

"ዓሣው ለላባ ብሎ ይሞታል?" አሉና ሳቁ። ዋጋውን ስጠይቃቸው "መጀመሪያ ሲሠራ ልየው" አሉኝ።

በሳምንቱ ጨርሰው ጠበቁኝ። ከወይራ ጠርበው፣ መሐሉን በጋለ ብረት በስተው፣ ጎኑ ላይ ትንሽ መዘወሪያ ሰክተውለታል። ሰፊ ስለሆነ ክሬን በሙሉ ያዘው። ቅዳሜ ጠዋት አብረን ዋቤ ወረድን።

ረፋዱ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ዓሣ ላባውን ዋጠ። ክሩ እየተተረተረ ሄደ ሄደና ማጠንጠኛው ድንገት ቀጥ አለ። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ አብጧል። ክሩ ሊበጠስ ሲል አቶ ሳህሌ እስከ ጉልበታቸው ውኃው ውስጥ ገብተው በእጃቸው ያዙት። እሳቸው እየሳቡ፣ እኔ ዘንጉን ይዤ፣ ዓሣውን ዳር አወጣነው። ክሩ መዳፋቸውን ቆርጦት ይደማል። እሳቸው ግን የሚያዩት ማጠንጠኛውን ነበር።

"ዘይት ሳላጠጣው ነው የሰጠሁዎ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገ ጠዋት ይምጡና ይውሰዱት።"

ዓሣውን ለቤታቸው እንዲወስዱት ሰጠኋቸው። የዚያን ቀን በእውነት ወደድኳቸው። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስናወራና ስንስቅ ነበር።

እሑድ ጠዋት ስደርስ ማጠንጠኛው የኑግ ዘይት ጠጥቶ በጣት ሲነኩት ይዞራል። ዋጋውን ከፈልኩ። ልሄድ ስል ባለቤታቸው የእጅ መታጠቢያ ውኃ ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉ።

"መምህር፣ ከዓሣው ድርሻዎ ተቀምጧል" አሉኝ አቶ ሳህሌ። "ቆጮውም አሁን ነው የወጣው። ይግቡ።"

በዚያው ቅጽበት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሁለት ሰዎች በአጥሩ በኩል መጡ። አንደኛው የተማሪዬ አባት ነው። እኔን ሲያይ እርምጃውን ቀነስ አደረገ።

"ቸኩያለሁ" አልኩ።

ሴትየዋ ባላቸውን አዩ። ከዚያ ውኃውን እንሰቱ ሥር ደፍተው ወደ ቤት ገቡ። አቶ ሳህሌ ምንም አልመሰላቸውም፤ ወይም አስመሰሉ። "መንገዱ ይቅናዎ" ብለው እስከ አጥሩ በር ሸኙኝ። የተማሪዬ አባት ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አለኝ፤ እኔም አጸፋውን መለስኩ።

ማጠንጠኛው ለዓመታት አገለገለኝ፤ ዳግመኛም አብጦ ቀጥ አላለም። አቶ ሳህሌ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እንዴት አደሩ ይሉኝ ነበር። ይግቡ ግን ብለውኝ አያውቁም። ኋላ ቡታጅራ ተዛወርኩና ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

ሰዎች "ያን ጊዜ ልማዱ ነበር" ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ልማዱ ነበር። እኔ ግን ክፍል ቆሜ የሰው ልጅ እኩል ነው እያልኩ አስተምር ነበርና ነገሩ ያሳፍረኛል። ቀኑ እሑድ ነው። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። የምቸኩልበት ምንም ጉዳይ አልነበረኝም።