ወደ ሰው የዞረው ስክሪን

ዩኒቨርሲቲ ሳለን የኮምፒውተር ሥነ ምግባር የሚባል ኮርስ ነበረን። የኮርሱ መሠረት የአንድ ፈላስፋ ሐሳብ ነው። እኔ እንደገባኝ፣ ኮምፒውተር ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር እንድንሠራ ያስችለናል፤ ለዚያ ነገር ግን ገና ደንብ የለንም፤ ቁጭ ብሎ ደንቡን ማበጀት የእኛ ፋንታ ነው። ፈተናውን አለፍኩና ረሳሁት። ያስታወሰችኝ ቆቦ ከተማ ናት።

እዚያ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ጓደኛዬ ደግሞ ገበያው አጠገብ ስልክ ላይ ዘፈን የሚጭንበት ሱቅ ነበረው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው። የስልክ ሚሞሪ ካርድ ሲሰጡት ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጣል፣ ቫይረሱን ያጸዳል፣ መልሶ ይጭናል። የአንዲት ተማሪዬ ቪዲዮ እንዲህ ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ። በእህቷ ሠርግ፣ ሴቶች ብቻ ባሉበት፣ ሻሿን አውልቃ ስትጨፍር የተቀረጸ ነው። እሱም ሳያየው ከሠርግ ዘፈኖች ጋር ለጠየቀው ሁሉ ጫነው። ብዙም ሳይቆይ በዙሪያችን ባሉት ከተሞች፣ ከዋጃ እስከ ጎብዬ፣ ያላያት ጎረምሳ ጠፋ። ልጅቷ ትምህርቷን አቆመች።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጓደኛዬ "ምን ሰረቅሁ? ቪዲዮው እኮ ስልኳ ላይ አለ" አለ። የደም፣ የድንበር፣ ማሽላ የበላ ከብት ነገር ቢሆን ፍርድ የማያጡት አዛውንቶች ለዚህ የሚሆን ደንብ አልነበራቸውም። ፈላስፋው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። በመጨረሻ ጓደኛዬ የአባቷን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ታረቁ፣ ተመረቁ። እኔም ደስ ብሎኝ ሰኞን ጠበቅሁ። ክፍል ውስጥ ቦታዋ ግን ባዶ ነበር።

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ እንጃ። ቤታቸው ሄጄ አባቷ ፊት "አንቺስ ምን ይደረግልኝ ትያለሽ?" አልኳት። አባቷ ቀና ብለው አዩኝ። እሳቸውም ጠይቀዋት አያውቁም ነበር።

"ቲቸር፣ የታረቀው ከአባቴ ጋ ነው። የታየሁት እኔ ነኝ" አለች። ቀጥላም "የወጣው አይመለስም። ግን ስክሪኑን ወደ ሰው ያዙረው። የሚገለብጠውን እንየው። ሲጨርስም የገለበጠውን እፊታችን ያጥፋ" አለች።

ለጓደኛዬ ነገርኩት። ተነስቶ ጠረጴዛውን አዞረ። በኋላ ሌሎቹም ሱቆች አዞሩ። ፈላስፋው ቆቦን በካርታ ላይ እንኳ አይቷት አያውቅ ይሆናል።

አንድ ከሰዓት ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ልጅቷ ገባች። ሚሞሪዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የመረጠቻቸውን ዘፈኖች ብቻ ጫነላት፤ እስኪጨርስም እሷ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። ሚሞሪውን ስልኳ ውስጥ መልሳ ከከተተች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

"ቲቸር፣ ምዕራፍ ስንት ደረሳችሁ?"