የስልክ ወንፈል ያቋቋሙት ወይዘሮ ይታይሽ

ወይዘሮ ይታይሽ ቢቸና በተቀበሩ ዕለት ልጆቻቸው ከመቃብሩ ራስጌ ቆመው ነበር። ካህናቱ በስተምሥራቅ፣ የእድሩ ሰዎች በስተቀኝ ነበሩ። ከበላይ የመጡት የትምህርት ኃላፊዎች ፊት ለፊት፣ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተደረደሩ። መምህራኑ ከኃላፊዎቹ ኋላ እንዲቆሙ ቢነገራቸው እሺ አላሉም፤ ከግርጌ ቆሙ፣ አልተነቃነቁምም። ከወሎ ተመድቦ የመጣው የኮምፒውተር መምህር ሰይድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ውጭ ሆኖ እስከ መጨረሻው ጠበቀ። እኔ አሁን ከምኖርበት ከሞጣ በማለዳ ተነሥቼ ደርሼ ስለነበር ከሴቶቹ መካከል ቆምኩ።

በሕመም ጥቂት ሰንብተው ማረፋቸውን ያልሰማችሁ ወዳጆቻቸው ሁሉ በዚህ እወቁ። ምክትል ርእሰ መምህር በነበሩ ጊዜ እኔ ጸሐፊያቸው ነበርኩ። በቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪካቸው «በኮሮና ጊዜ ትምህርት በስልክ እንዲሰጥ የበኩላቸውን አድርገዋል» ብሎ አለፈ። ያደረጉት ምን እንደሆነ አልተነገረም። ስለዚህ የማውቀውን እጽፋለሁ።

ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ አዲሱን ዓመት በስልክ ጀምሩ በተባለ ጊዜ ከመምህራኑ ብዙዎቹ ደህና ስልክ አልነበራቸውም። ያላቸውም ሰው በሌለበት ማስተማር አልለመዱም። አንድ ኃላፊ መጡና ስልክና አንደበት ያላቸው ጥቂቶች ተመርጠው ትምህርቱን ለሁሉም በድምፅ ይቅዱ፣ የቀሩት ንብረት ክፍል ይመደቡ አሉ። ከሚቀሩት አንዱ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው የሒሳብ መምህር፣ ጋሼ አለባቸው ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ለሌላ ሊሰጡባቸው ሆነ።

ወይዘሮ ይታይሽ ኃላፊውን አዳምጠው ሲያበቁ «ገበሬ በሬ ባይኖረው ማሳውን ለሰው አይለቅም፤ በወንፈል ያርሳል። ልጆቹን ያስጀመረ ያስጨርሳቸው» አሉ።

እንዳሉትም የስልክ ወንፈል አቋቋሙ። ስልክ ያለው ስልኩን ይዞ ለሌለው ይውላል፤ የሌለው በፈንታው ለባለስልኩ የመልመጃ ጥያቄ ያወጣለታል። የተቀዳውን ሰይድ በቴሌግራም ይልካል። ኔትወርክ ለማይደርስበት ቀበሌ ደግሞ በሚሞሪ ካርድ ይገለብጠዋል፤ ገበያ የወጣ ወላጅ ወስዶ ቤቱ ሬዲዮው ላይ ይከፍተዋል።

የጋሼ አለባቸው ተራ ሲደርስ ስልኩ ፊት ቆመው ላብ አጠመቃቸው።

«ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚያወራ ሰው ምን ይባላል?» አሉ።

«ስብሰባ መሪ» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። ወዲያው ዘበኛውን ጭምር ሁላችንንም ጠርተው ዴስክ ላይ አራርቀው አስቀመጡን። «በሉ ልጆች፣ ተማሩ!»

ጋሼ አለባቸው የሰው ዓይን ሲያዩ ነፍስ ዘሩ። ጠመኔ አንሥተው ጀመሩ። መሐል ላይ የታሪክ መምህሩ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» ሲል፣ ስልኩን የያዘው ሰይድ ሳቁ አመለጠው።

«አንተ! ውጣ!» ብለው ጮኹበት፤ የእውነት ተማሪ መስሏቸው።

ሰይድም «እሺ መምህር» ብሎ ወጣ፤ ስልኩን እንደያዘ። ጋሼ አለባቸው ትምህርቱን እስኪጨርሱ ማናችንም ልብ አላልንም። የተቀዳው የኮሪደሩ ነፋስ ሆኖ ተገኘ።

«ጥሩ ነፋስ ነው» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። «አሁን ሒሳቡን እንቅዳ።»

ሁለተኛው ተሳካ። ኃላፊው ግን ሰምተው አልወደዱትም። ጋሼ አለባቸው «ገባችሁ?» ባሉ ቁጥር ዝም ብለው መልስ ይጠብቃሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ የኖሩት እንደዚያ ነው።

«ይህ ዝምታ ይቆረጥ፤ ካልሆነ ሰውየው ይቀየሩ» አሉ ኃላፊው።

«ዝምታው የልጆቹ ነው። ልጁ ቤቱ ሆኖ የሚመልሰው እዚያ ላይ ነው። የልጅ ድርሻ አልቆርጥም።»

«ወይዘሮ ይታይሽ፣ የምነግርዎት ትእዛዝ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ሚሞሪው ግን ዛሬ ጠዋት ገበያ ወጥቷል።»

እውነታቸውን ነበር፤ ወጥቷል። ጋሼ አለባቸውም ልጆቻቸውን ለማንም ሳያስረክቡ ለፈተና አደረሷቸው። ወይዘሮ ይታይሽ ግን ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ትእዛዝ ጥሰዋል ተብለው ከምክትልነት ተነሡ። የይቅርታ ደብዳቤ ቢጽፉ ወደ ቦታቸው እንደሚመለሱ ተነገራቸው። ደብዳቤውን እንድተይብላቸው ለእኔም ትእዛዝ ደረሰኝ፤ ቤታቸው ሄድኩ።

«ምን ብዬ ልጻፍልዎት?» አልኳቸው።

«ይታይሽ ምን አጥፍታለች ትያለሽ?»

«እኔ ያየሁት ጥፋት የለም።»

«እንግዲያ ወረቀት አታበላሺ፣ እህቴ።»

«ወንበሩስ?»

«ወንበር ክፍል ውስጥም ሞልቷል።»

በማግሥቱ ጠመኔ ይዘው ዘጠነኛ ክፍል ገቡ። ሹመት ያሳጣቸውን ሰው በክፉ አንሥተው አያውቁም፤ ልመና ግን ከአፋቸው አልወጣም። አዲስ መምህር ተመድቦ ሲመጣ ቀድመው የሚቀበሉት፣ ቤት የሚፈልጉለት፣ የመጀመሪያ ቀን ትምህርቱን ኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጠው የሚያዳምጡለት እሳቸው ነበሩ። ይህንንም የሚያደርጉት ያለ ሹመት ነው። እስኪታመሙ ድረስ ከክፍል አልራቁም።

በቀብሩ ላይ ታሪካቸው ተነብቦ ሲያበቃ ጋሼ አለባቸው ከግርጌ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ከምክትልነት የተነሡት እኔን አልሰጥም ብለው ነው። እሱም ይነበብ!» አሉ። አንባቢው ወደ ኃላፊዎቹ ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ ወረቀቱን አጠፈ። መምህራኑ «ይነበብ!» አሉ። አልተነበበም።

እነሆ አሁን ተነበበ።

ወይዘሮ ይታይሽ፣ ደብዳቤውን እርስዎ አልጻፉም፤ እኔም አልተየብኩትም። ዛሬም በስምዎ ይቅርታ የሚጠይቅ ቢኖር ከእኛ ወገን አይደለም። ያስጀመሯቸውን መምህራን አስጨርሰዋል። ደህና ይሁኑ።

በቀብሩ ዕለት ወረቀቱ ከታጠፈ በኋላ አፈሩ ተመለሰ። ሰዉ ወደ ድንኳኑ ሲያመራ እኔ የሞጣው መኪና እንዳያመልጠኝ ሄድኩ።